እድር የሆነው የተማሪዎች ኅብረት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማለት ጠጉሩ የሸበተ፣ ጋቢ የደረበ፣ ቤቱ ሦስት አራት ልጅ ትቶ የመጣ ሰው ነው። ምን ያስቃችኋል? አንተ ባለመነጽሩ፣ ወይ ሳቅ ወይ ጻፍ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትችለውም። «ጋሼ አድማሱ፣ የተማሪዎች ኅብረት ድሮ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ የለ? እና እየነገርኳችሁ ነው። እኔ አድማሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ፣ ያውም አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ ያውም የመጀመሪያ ልጄን ድሬ።

የክረምት ተማሪ ነዋ! ያኔ ንቧ በምርጫ ወረቀት ላይ በምትበርበት፣ ሰው ሁሉ ግምገማ ተቀምጦ በሚውልበት ዘመን፣ «መምህር ሁሉ ደረጃውን ያሻሽል» ተባለና፣ ሰኔ ላይ ለልጆቹ ካርድ ሰጥተን ሐምሌና ነሐሴ እኛ ራሳችን ተማሪ እንሆናለን። ዩኒቨርሲቲው የት ነው እንዳትሉኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ ዲግሪህን መልስ ቢሉኝስ? ከዚህ ከመካነ ሰላም የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ መኪናውን ጭቃ ካልያዘው፤ ከያዘው ደግሞ አላህ ያውቃል። ታዲያ መደበኞቹ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኛ አልጋቸው ላይ እንወጣለን። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ጀርባውን የሚያመው ርእሰ መምህር ላይኛው ላይ ሲወጣ ከታች ሁለት ሰው ይደግፈዋል፣ ጠዋት ደግሞ የሚያወርደው ሰው እስኪመጣ «ኧረ ወገን!» እያለ ይጣራል። ዩኒቨርሲቲ ማለት ይህ ነበር።

እና የተማሪዎች ዲኑ፣ የልጄ እኩያ የሚሆን ቀጭን ሰው ነው፣ አዳራሽ ሰበሰበንና «ተማሪ ባለበት ሁሉ ኅብረት መኖር አለበት፣ ፎርም መጥቷል፣ ዛሬውኑ ምረጡ፣ መተዳደሪያ ደንባችሁንም አርቅቃችሁ አምጡ» አለን። ማን ይመረጥ? ሊቀመንበር የሆነ ሰው መጀመሪያ እንደሚገመገም እናውቃለን፣ ሁላችንም ከየወረዳችን ተገምግመን የመጣን ነን። ሁሉም ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ፣ ያን ቀን የጫማችንን ቀዳዳ ሁሉ ቆጠርነው።

ታዲያ እሸቱ ተነሳ። እሸቱ የአቀስታ ሰው ነው፣ ረጅም፣ ድምፁ ማዶ የሚሰማ፤ ተነሳና «እኔ የማይገባኝ» አለ፣ «ኅብረት ማለት እድር አይደለም እንዴ? ተሰብስቦ መረዳዳት ነው። እድርማ ማን ያስተምረናል!» ወላሂ አዳራሹ እፎይ አለ። «ልክ ነው! እሸቱ ዳኛ ይሁን!» «አድማሱ ጸሐፊ ይሁን፣ የሠፈሩንም እድር የሚጽፈው እሱ ነው!» «ጡሩምባ ነፊስ?» «ጡሩምባ የለንም።» «አሊ ፊሽካ አለው!» አሊ የወረኢሉ የስፖርት መምህር ነው፣ ፊሽካዋ ካንገቱ ወርዳ አታውቅም፣ እንቅልፉ ሲከብደው ትንፋሹ ፊሽካ እየነካ ያፏጫል ይባላል፣ እኔ አልሰማሁም። እና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምርጫ አለቀ፣ እናንተ ሦስት ሳምንት ፈጀባችሁ አይደል?

ደንቡን እኔ አረቀቅሁት። አረቀቅሁት ስል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሠፈራችንን እድር ደንብ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። «እድር» የሚለውን ሁሉ «ኅብረት» አልኩት፣ ሌላውን አልነካሁም። «አንቀጽ አምስት፦ የኅብረቱን ድስትና ጭልፋ ሳያጥብ የመለሰ አባል ይወቀሳል።» ጻፍኩት! «አንቀጽ ዘጠኝ፦ አባል ሐዘን ሲደርስበት ኅብረቱ ማናቸውንም ሥራ አቁሞ ቤቱ ድረስ ይሄዳል።» ጻፍኩት! ዲኑ ዘንድ ወሰድኩለት፣ አላነበበውም፣ የሚፈለገው ፎርሙ እንዲሞላ ነው። ፈረመበት፣ ማህተሙንም ቧ! አደረገበት።

— ሳያነብ? (ሀያት ናት፣ የአሁኖቹ ተማሪዎች ኅብረት ሊቀመንበር።)

ሳያነብ አንቺ! አንቺ የፈረምሽውን ሁሉ አንብበሻል? ተይው፣ አልጠይቅሽም።

እና ኅብረታችን ሠራ፣ ቀልድ አይምሰላችሁ። የታመመ እንጠይቃለን፣ የተጣላ እናስታርቃለን። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች በማንኮራፋት ተጣሉና ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊሄዱ ሲሉ እሸቱ «ኮሚቴ ምን ያውቃል!» ብሎ በሽማግሌ ያዛቸው። የሚያንኮራፋው ቀድሞ እንዳይተኛ ተፈረደበት፣ ታረቁ። መደበኞቹ ተማሪዎች በበጋ «ወጥ ቀጠነ» ብለው ሳህን ይወረውራሉ አሉ፣ እኛ ግን ወጥ ቤት ገብተን «እቴ፣ ሽንኩርቱን ቀድመሽ አቁላይው» ብለን መክረን እንወጣ ነበር።

አሁን ወደ ይማም ልምጣ። ይማም የዚሁ የመካነ ሰላም ሰው ነው፣ የእኔው እድር አባል፣ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ የሚሰማ። ዘሀራ የምትባል ልጅ ነበረችው፣ ጅዳ ሄዳለች፣ እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ። ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጨረሻውን አንድ ዓመት ግን ድምጿ ጠፋ። አልደወለችም፣ አልጻፈችም፣ አብሬያት ነበርኩ፣ አየኋት የሚል ሰው ጠፋ። ይማም ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌ ተሰልፎ ይውላል፣ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ክፍል ውስጥ በአካል ነው እንጂ በሐሳብ የለም። የስታቲስቲክስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ደርድሮ «ይማም፣ የጎደለው የቱ ነው?» ሲለው፣ «አልደወለችም» አለ። ማንም አልሳቀም። እኛ እንኳ፣ እኛ በሁሉ ነገር የምንስቀው፣ አልሳቅንም።

እና የመጨረሻው ክረምት ነው፣ ከስታቲስቲክስ ፈተና የቀረ ሰው ድጋሚ የሚባል ነገር የለውም፣ የክረምቱ ትምህርት ከእኛ በኋላ ይዘጋል። የአምስት ክረምት ልፋት በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፈተናው ሰኞ ነው። ታዲያ ዓርብ ከቀትር በኋላ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የአውቶቡስ ረዳት መጣና «መምህር ይማም የሚባል አለ?» አለኝ። «አለ፣ ምን ነበር?» ወረቀት ሰጠኝ። አራት ላይ ተጣጥፏል እንጂ አልታሸገም፣ ያልታሸገ ወረቀት ደግሞ በእኛ አገር የሁሉም ነው፣ ከፈትኩት። የጻፈው ሐሰን ነው፣ የይማም ሚስት ወንድም። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ለመምህር ይማም። ዘሀራ ሰኞ ዕለት አርፋለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እናቷ እስካሁን ማልቀሷን አላቆመችም። ፈተናም ቢሆን ትተህ ቶሎ ና። ሐሰን።»

እሸቱን ጠራሁት፣ አሊን ጠራሁት፣ የወግዲዋን ወርቅነሽን ጠራኋት፤ ወርቅነሽ የኅብረቱ የሴቶች ተጠሪ ናት፣ ልቅሶ ላይ ስሟ የታወቀ ነው፣ ወግዲ ውስጥ እሷ ካልመጣች ሰው በደንብ አልተለቀሰለትም ይባላል። መጋዘን ኋላ ተሰብስበን አነበብነው። አሊ ብቻ ግንባሩን ቋጠረ፦

«ቆይ፣ ለምን አርፋለች አለ? ሐሰን እኮ የእኛ ሰው ነው፣ አኼራ ሄደች አይልም?»

ወርቅነሽ ተቆጣች። «ላባት ደፍረህ ሞተች ብለህ ትጽፋለህ? ለስላሳ ቃል ፈልጎ ነው እንጂ! እናቷ ማልቀስ አላቆመችም ይላል እኮ፣ ምን ቀረህ!»

አሊም ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ። ከዐረብ አገር ያኔ የሚመጣው ወሬ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ ሬሳ በሳጥን የመጣበት ቤት እዚሁ ሠፈር ስንት አለ። እንደውል አልን፣ የመካነ ሰላም መስመር ዝናብ ከነካው ሦስት ቀኑ ነው፣ አይሠራም።

«እና ለይማም ወረቀቱን እንስጠው?» አልኩ።

እሸቱ አፈጠጠብኝ። «መርዶ በወረቀት? አድማሱ፣ አንተ የእድር ጸሐፊ ነህ? ሰው መርዶውን ቤቱ ደርሶ፣ ዘመድ ይዞት፣ በማለዳ ነው የሚረዳው!»

ልክ ነው፣ ሥርዓቱ እንደሱ ነው። እና ወረቀቱን ደበቅነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ጥፋቱ ሁሉ እዚህ ጋ ነው፣ ለይማም ብንሰጠው ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። እኛ ግን ሥርዓት አዋቂዎች ነና! ደበቅነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዲኑ ዘንድ ገባን። ሰኞ ፈተና እንዳለ ነገረን፣ የምናውቀውን። የቀረ ኤፍ ነው አለን፣ ይህንንም እናውቃለን። «ሐዘን ነው» አለ እሸቱ።

«የማን ሐዘን?»

«የይማም።»

«ታዲያ ይማም ይሂድ፣ ለእሱ አስፈቅዳለሁ። እናንተ ምን አገባችሁ?»

ምን አገባችሁ! ለለቀስተኛ! እርስ በርስ ተያየን፣ ልጁ የተማረ ነው እንጂ ያደገ አልመሰለንም። እኔ ደንቡን ከጉያዬ አወጣሁና አንቀጽ ዘጠኝን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ «ማናቸውንም ሥራ አቁሞ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

«ይሄን ደግሞ ማን ነው ያጸደቀው?»

«ማህተሙን ይመልከቱ።»

ተመለከተ። ገጹን ገለበጠ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ አንቀጽ አምስት ላይ ዓይኑ ቆመ። «የኅብረቱ... ድስት?»

«ለጊዜው ድስት የለንም፣ ሲገዛ ይሆናል ብለን ነው» አልኩት።

ታዲያ ላቡን ጠረገና «ረቡዕ» አለ። «እስከ ረቡዕ አራዝሜላችኋለሁ። ግን ከቀበሌ የሞት ማስረጃ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ማስረጃ ከሌለ የሄደ ሁሉ ኤፍ ነው፣ ይማምም ቢሆን። ሰምታችኋል ጋሼ?» ሲናደድ ተማሪነታችን ይጠፋበትና ጋሼ ይለን ነበር።

ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያዝን፣ ሠላሳ ሰው ሞላናት። ለይማም ምን አልነው? «እናትህን ትንሽ አሟቸው ነው።» ይማምም አየን፣ አንድ ባንድ አየን፣ «እናቴን ትንሽ ስላመማት ነው ሠላሳ መምህር የሚሸኘኝ?» አለ። ትንሽ አሟቸው ነው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ? ማን እንደሆነ አላወቀም እንጂ ሰው መሞቱንስ አውቆታል። እናቱ ትሁን ሚስቱ ትሁን እያሰበ፣ መስኮቱን ይዞ፣ ያን ሁሉ መንገድ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ምነው አውጥቼ በሰጠሁት! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አቀስታ አጠገብ ጭቃው ያዘን፣ ጉም ነው፣ ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፣ ወርደን ገፋን። እሸቱ ቤት አደርን፣ ሚስቱ ሠላሳ ሰው ስታይ «የት ነው ግምገማው?» አለች። ሲነጋ እሑድ ተነሥተን መካነ ሰላም ደረስን። ዕቅዱ ይህ ነበር፦ ይማምን ጎረቤት እናስቀምጠዋለን፣ ሽማግሌ ገብቶ ቀስ አድርጎ ያረዳዋል፣ ከዚያ አሊ ፊሽካውን ሲነፋ ልቅሶው ይጀመራል። ጥሩ ዕቅድ ነው፣ በጽሑፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን አሊ ሲጨንቀው ፊሽካ አፉ ውስጥ የማስገባት ልማድ አለው፣ ከመኪናው ሲወርድ አንሸራተተውና ፊሽካው ጮኸ! ወርቅነሽም ምልክት መሰላት፣ ነጠላዋን አደገደገችና ለቀቀችው፦

«ዘሀራዬ! የኔ ዓለም! በሰው አገር ቀረሽ ወይ፣ ያባትሽን ደጅ ሳታይው!»

ይማም ቆመ። «ዘሀራ?» አለ። «ዘሀራ ናት?» ብሎ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ግን አልቀልድም። የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ ደግሜም ማየት አልፈልግም። ብብቱን ይዘን አነሳነው፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣልንለት፣ እያለቀስን ወደ ቤቱ ወሰድነው።

ታዲያ ሠላሳ መምህር ሲያለቅስ ቀላል ድምፅ እንዳይመስላችሁ፣ ክፍል የለመደ ጉሮሮ ነው። ጎረቤቱ ወጣ። «ማን ነው?» «ዘሀራ!» «ዘሀራ?! ትናንት ማታ እኮ አብራን ነበረች!» ይሉና ድንገተኛ ሞት መሰላቸው፣ ከእኛ አብልጠው ጮኹ፣ ደረት ተመታ። እኛ ደግሞ «ትናንት አብራን ነበረች» ሲሉ በሐዘን የቃዡ መሰለን። የሠፈሩ እድር፣ እኔ ጸሐፊው የሆንኩበት ማለት ነው፣ ጩኸቱን ሰምቶ ጡሩምባ አስነፋ፣ ድንኳን ተሸክሞ መጣ። አጃኢብ ነው! እና ግቢው በር ላይ አንዲት ልጅ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፣ እጇ የልብስ ሳሙና አረፋ ነው፣ ጥቁር አባያ ለብሳለች፣ ሕዝቡን ስታይ «ወይኔ! ወይኔ!» አለችና ወርቅነሽ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አብረው አለቀሱ፣ ወርቅነሽም «አይዞሽ የኔ እናት» እያለች። ሲቆይ ልጅቷ ጆሮዋ ላይ፦

«ማን ነው የሞተው?»

«ዘሀራ ናታ!»

«የትኛዋ ዘሀራ?»

«የይማም ልጅ ናት እንጂ!»

ልጅቷ እጇን ለቀቀች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ «እኔ?» አለች።

ወርቅነሽ ራሷን ሳተች። ያቺ ስንቱን የቀበረች ሴት ዝርግት አለች! ይማም ግን ጋቢው ሥር ሆኖ ድምፁን ሰማ። ጋቢውን ገለጠ። ቀርቦ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፣ እንደ ማየት ሳይሆን እንደ መዳሰስ ነው፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከዚያ ምን አላት መሰላችሁ? «ስልኩ አይሠራም ነበር?» አላት። ዓመት ሙሉ ሊጠይቃት የፈለገው እሱን ነው።

«ስልኬን ወስደውብኝ ነበር፣ አባ» አለች። «አምልጬ ነው የመጣሁት።»

እና አለቀስን፣ አሁን እንደ አዲስ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ያ መጀመሪያ ያለቀስነው ምንም አልነበረም።

ከዚያ ሐሰንን ያዝነው። አሊ በአንገቱ ያዘው። «አርፋለች ብለህ አልጻፍክም?»

«ጽፌያለሁ» አለ ሐሰን። «ሰኞ አላረፈችም? ቦሌ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። አውሮፕላኑ አረፈ፣ እሷም አረፈች። ምን ብዬ ልጻፍ፣ ወደቀች ልበል?»

«እናቷ ማልቀስ አላቆመችም ያልከውስ?»

«አላቆመችማ! ከደስታ ነዋ! ይማም እኮ ቢያነበው ይገባዋል፣ አንድ ቀን ከመጣች ቦሌ ሂድና አምጣት ብሎ አደራ የሰጠኝ እሱ ነው። ለመሆኑ የሰው ደብዳቤ ማን ከፈተው?»

እኔ ድንኳኑን ማየት ጀመርኩ። ድንኳኑ ጥሩ ነበር፣ ተተክሎ አልቋል፣ ይፍረስ ተብሎ ሳይሆን ይቆይ ተባለና በግ ታረደ፣ ሼሁም ቄሱም መጡ፣ መረቁ፣ ዱዓ ተደረገ። የሠፈሩ እድር ዳኛ ብቻ «አድማሱ፣ ሳታጣራ!» እያለ ጣቱን ይቀስርብኛል።

ስንበላ ዳኛችን እሸቱ አልበላም። ማስረጃው ትዝ ብሎታል። «ዲኑ የሞት ማስረጃ ብሏል» አለ። «ያለ ማስረጃ ሠላሳችንም ኤፍ ነን።» የቀበሌው ሊቀመንበር ሥጋ እያኘከ «ይሄ ነው ችግሩ?» አለ። «እኔ እጽፍላችኋለሁ። ሞታለች ብዬ እጽፋለሁ፣ ፈተናው ሲያልፍ በስህተት ነበር ብዬ ሌላ እጽፋለሁ። ማህተሙ እንደሆነ ኪሴ ነው።» ልዋሻችሁ አልችልም፣ እኔ ወደድኩት። ብዙ ሰው ወደደው። አምስት ክረምት ነው እኮ፣ ጭቃው፣ ላይኛው አልጋ፣ ለሚስት ትተን የሄድነው እርሻ!

ይማም ግን ተነሳ። ድምፁ ወትሮም ትንሽ ነው፣ «ዛሬ ጠዋት ሞታ አይቻታለሁ» አለ። «እዚያ ጭቃው ላይ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ልጄን በወረቀት ላይ ሞተች ብላችሁ ከምትጽፉብኝ ዲግሪው ይቅርብኝ። የእናንተ እንዳይቀር እኔ ብቻዬን እወድቃለሁ፣ በእኔ አሳብቡት።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሊቀመንበሩ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ እሸቱ፣ ያ ድምፀ ትልቁ፣ በቀስታ «ያለ አንተ የሚያልፍ የለም» አለና ዞር ብሎ ዘሀራን አያት። «ማስረጃ አምጡ ነው የተባልነው አይደል? ይዘን እንሄዳለን። የኔ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ማክሰኞ ዲኑ ቢሮ ገባን። «ማስረጃው?» አለ፣ እጁን ዘርግቶ። ዘሀራ ወደ ፊት መጣች። «ሟቿ እኔ ነኝ» አለች። ዲኑ ከወንበሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ነገርነው። ስንጨርስ የሚያውቀውን ነገር አደረገ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ግራ ሲገባው የሚያደርገውን፦ «ግምገማ!» አለ።

ተቀመጥን፣ ሠላሳችንም። ተራ በተራ ተነሣን። አሊ፦ «ፊሽካ ያለ ሰዓቱ በመንፋቴ ግለ ሂስ አደርጋለሁ።» ወርቅነሽ፦ «ያልሞተ ሰው በማልቀሴ ሂሴን ውጫለሁ። ግን ልቅሶዬ ጉድለት አልነበረበትም፣ እሱ ይመዝገብልኝ።» እኔ፦ «የሰው ደብዳቤ በመክፈቴ።» ዲኑ «እሱ ከባድ ነው፣ አስምሩበት» አለ። በመጨረሻ ይማም ተነሣ፣ እንዲገመግመን ተጠየቀ፣ ተበዳዩ እሱ ነው።

«እኔ ሂስ የለኝም» አለ። «አንድ ዓመት ብቻዬን ነበር የምጨነቀው፣ አንዳንዴም የሞተች ይመስለኝና ለማን ልናገር እል ነበር። አሁን ብትሞት ኖሮ ማን ሊያለቅስላት እንደሚመጣ አየሁ። ሠላሳ ሰው ፈተናውን ጥሎ መጣ። በዚህ የምገመግመው ሰው የለኝም።» ቁጭ አለ።

ዲኑ ብዕሩን ማሽከርከር ጀመረ። «ያም ሆነ ይህ ለበላይ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለ፣ ግን ድምፁ ላልቷል። እሸቱም በትሕትና «ሪፖርቱ ላይ አንቀጽ ዘጠኝም ይገባል?» አለ። «መግባቱ አይቀርም።» «አንቀጽ አምስትም? ድስቱም? ከእነ ማህተሙ?»

ዲኑ እጁን ዘረጋልኝ፣ «ደንቡን አምጣው።» ሰጠሁት። ለሁለት ቀደደው፣ ለአራት ቀደደው። «ይህ ኅብረት ከዛሬ ጀምሮ ፈርሷል። ፈተናው ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ውጡልኝ!» ስንወጣ ግን ዘሀራን ጠራት፣ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ፣ እህቴ» አላት። ልጁ ያደገ ነው፣ ተሳስተናል።

ረቡዕ ተፈተንን። ዘሀራ ዝናብ ስለነበረ ክዳኑ ሥር ግድግዳውን ተደግፋ አባቷን ጠበቀች። ይማም መስኮት አጠገብ ነው፣ አንድ ጥያቄ ይሠራል፣ ቀና ብሎ ያያታል፣ አንድ ጥያቄ ይሠራል፣ ያያታል። ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ወረቀቱን ሰጥቶ ወጣ። በኋላ «ጨርሰህ ነው?» አልነው። «አልጨረስኩም» አለ፣ «እሷን ጠብቂ ማለት ከበደኝ።» ዲ አገኘ! ስታቲስቲክስ ዲ! ለማለፍ በቃው፣ ተመረቀ፣ ያን ዲ ግድግዳው ላይ በመስተዋት አሰቅሎታል፣ ቤቱ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

በቃ፣ የኅብረታችን ታሪክ ይኸው ነው። ደንብ የሌለው፣ ድስት የሌለው፣ በግምገማ የፈረሰ ኅብረት። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከዚያ የተሻለ ኅብረት አላየሁም፣ ተሳስቶም ቢሆን ይሄድ ነበርና። (ሳቁ።) እናንተስ? የእናንተ ኅብረት ምን ሠራ? ሀያት፣ ንገሪኝ እስቲ።

— እኛ ጋሼ ሁሉን በቴሌግራም ነው የምንሠራው። ባለፈው ሳምንት የምክትሌ እናት ሞቱበት፣ ግሩፑ ላይ ከሦስት መቶ ሰው በላይ የሚያለቅስ ፊት ላከለት።

ፊት? የማን ፊት?

— ስልክ ላይ ያለች ትንሽ ቢጫ ፊት ናት ጋሼ፣ እንባ ያላት።

እሺ ፊቷ ትሂድ። ሰውስ? ቤቱ የሄደ ሰው?

(ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።)

ቤቱ የት ነው የልጁ?

— ወግዲ ነው።

ወግዲ! ከዚህ እኮ ሚኒባስ አለ። አሁን ብትነሡ ሳይመሽ ትደርሳላችሁ።

— ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ፈርተን ነው። ለቅሶ ቤት ተገብቶ ምን እንደሚባል አናውቅም።

ምንም አይባልም፣ የኔ ልጅ። ገብቶ አጠገቡ መቀመጥ ነው።